«አልዲሃይድ ከኪቶን ይፈጥናል» ብሎ መሸምደድ ይበቃል?

ወንድሜ፣ «ለካርቦኒል ጥያቄዎች አልዲሃይድ ከኪቶን ይፈጥናል የሚለውን ብይዝ ይበቃኛል ወይ?» ብለሃል። ካርቦኒል ማለት ካርቦን ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘበት ክፍል ነው፤ ካርቦኑ ሃይድሮጅን ከያዘ አልዲሃይድ፣ በሁለቱም ጎን ካርቦን ከያዘ ኪቶን ይባላል። ይፈጥናል የሚባለውም ሌላ ሞለኪውል መጥቶ ሲያያዘው ነው። አይበቃም። እኔ በዚችው ሕግ ተማምኜ ጉድ ሆኛለሁ።

ተማሪ ሳለሁ ላብ ውስጥ ማንነቱን የምለየው ፈሳሽ ተሰጠኝ። በውሃ የተበጠበጠ ሶዲየም ባይሰልፋይት ጨምሬ ናጥኩት። ነጭ ክሪስታል ዱብ አለ። ባይሰልፋይት ቶሎ የሚያያዘው ከአልዲሃይድ ጋር ነው በሚል «አልዲሃይድ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አልዲሃይድን ከኪቶን በሚለየው በቶለንስ ምርመራ ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ ሰነፍኩ። ለካ ሳይክሎሄክሳኖን ኖሯል፣ የለየለት ኪቶን!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን ወደ ራሱ ስለሚስብ የካርቦኒሉ ካርቦን ከኤሌክትሮን ይራቆታል። ኒውክሊዮፋይል (እንደ ባይሰልፋይቱ ኤሌክትሮን ይዞ የሚያያዝ) የሚመጣው ለዚህ ነው። ካርቦኑ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ ቦንዶቹ በ120 ዲግሪ ግድም ተዘርግተዋል። ኒውክሊዮፋይሉ ሲያያዝ ግን ማዕዘኑ ወደ 109 ይጠባል፣ አራት ነገር በአንድ ካርቦን ዙሪያ ይታጨቃል። ስለዚህ ሁለት ነገር እይ፦ ካርቦኑ ምን ያህል ተራቁቷል? ከተያያዘ በኋላስ ምን ያህል ይጨናነቃል?

ከካርቦኒሉ ጎን የተያያዘ ሜቲል (CH₃) በሁለቱም በኩል ይጎዳል። ኤሌክትሮን እየሰጠ ካርቦኑን ያለብሰዋል፣ ቦታም ይይዛል። ውሃ ውስጥ ሜቲል የሌለው ፎርማልዲሃይድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሃይድሬት (ውሃ የተያያዘበት) ይሆናል። አንድ ሜቲል ያለው አሴታልዲሃይድ ግማሽ ያህሉ። ሁለት ሜቲል ያለው አሴቶን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሜቲል በተጨመረ ቁጥር እንዴት እንደሚወርድ አየህ?

ታዲያ ሳይክሎሄክሳኖን ምን አገኘ? ሁለቱ ክንዶቹ በቀለበቱ ወደ ኋላ ታስረዋል፤ መንገዱ ክፍት ነው። በዚያ ላይ ባለስድስት ካርቦን ቀለበት የወንበር ቅርጹ የሚመቸው 109 አካባቢ ነው። ጠፍጣፋው ካርቦን እዚያ ውስጥ ባይተዋር ነው፤ ኒውክሊዮፋይል ሲቀበል ቀለበቱ እፎይ ይላል።

ሕጉ በሌላ በኩልም ይፈርሳል። ቤንዝአልዲሃይድ አልዲሃይድ ሆኖ ሳለ ከአሴታልዲሃይድ ይለግማል፤ የቤንዚን ቀለበቱ ኤሌክትሮን ያካፍለዋላ። ፓራ ቦታ (የቀለበቱ ተቃራኒ ጫፍ) ላይ ኤሌክትሮን ሳቢውን ናይትሮ ብታስገባበት ደግሞ ይነቃል። ክሎራልማ (የሜቲሉ ሃይድሮጅኖች በክሎሪን የተተኩበት አሴታልዲሃይድ) ሦስት ክሎሪን ስለሚጎትተው ሃይድሬቱ ጠጣር ሆኖ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል። ካርቦኒሉ ላይ ናይትሮጅን የተያያዘበት አማይድ ሌላው ጫፍ ነው፤ ናይትሮጅኑ ጥንድ ኤሌክትሮኑን ስለሚያበድረው ካርቦኑ ለማንም ግድ የለውም።

በነገራችን ላይ አሴቶፌኖን (አንድ ጎኑ ሜቲል፣ ሌላው የቤንዚን ቀለበት) ሜቲል ኪቶን ቢሆንም በባይሰልፋይት ክሪስታል አይሰጥህም። ለምን እንደሆነ ከላይ ካለው ራስህ አውጣው፤ ካቃተህ ጻፍልኝ።