ለዓሣ ማድረቂያዋ እህታችን፦ በዚያ ደብዳቤ ላሜራ እንዳትገዙ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያልሽው ባጭሩ ይኼ ነው፦ ከፖሊ ቴክኒክ የተመረቃችሁ ሦስት ጓደኛሞች ናችሁ፣ በፀሐይ የሚሠራ የዓሣ ማድረቂያ ሠርታችሁ አንድ ናሙና አላችሁ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ «40 እንፈልጋለን» የሚል ደብዳቤ ሰጥቷችኋል። «ብድር ወስደን ዕቃውን እንግዛ ወይ?» ነው ዋናው ጥያቄ፤ ሰው ቢቀዳችሁስ፣ ለፕላስቲኩና ለወንፊቱስ ምን ይሻላል ብለሽም ጠይቀሻል። ለዋናው መልሴ፦ አትግዙ።

እኔ የሩዝ መውቂያ ነው የምሠራው። ባሕር ዳር ሼድ ውስጥ በይጄ ፎገራ ወርጄ እሸጣለሁ። ዓሣና ሩዝን ምን አገናኛቸው እንዳትይ። ደብዳቤው ያው ደብዳቤ ነው፣ ቢሮውም ያው ቢሮ ነው። ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ቲን፣ ስለ ሼድ ማመልከቻ ሌሎች ጥያቄሽ ሥር ነግረውሻል፤ አልደግመውም።

1. ደብዳቤ ውል አይደለም። ዋጋ፣ ብዛት፣ የማስረከቢያ ቀን፣ የክፍያ ሁኔታና የሁለት ወገን ፊርማ ከሌለው «እንፈልጋለን» ማለት ምኞት ነው።

እኛን የገጠመን ይኼው። በአንድ ባዛር ላይ ማሽኑን አስነሥተን ነዶውን ስናጎርሰው ሰው ተሰበሰበ፣ ካሜራ መጣ፣ አንድ ኃላፊ ከማሽኑ ጎን ቆመው ፎቶ ተነሡ። ብዙም ሳይቆይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰን። ወሩ ሚያዝያ ነው። ሸሪኮቼ ከደስታ ብዛት መሬት አልበቃቸውም። እኔ «እዚህ ወረቀት ላይ ዋጋው የታለ? ቀኑስ?» ብል «አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ሟርት!» ተባልኩ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ። ላሜራው፣ አንጎላሬው፣ ዘንጉ፣ ፑሌጃው፣ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት መያዣ) ሁሉ በዱቤ ተገዛ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀን የቆመውን ብየዳ ሌሊት እየሠራን ማሽኖቹን አደረስን።

ሰኔ ላይ ግዥ ክፍል ስንሄድ «ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ» ተባልን፤ ከሦስት ሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ ማለት ነው። ራሳችን የፈጠርነውን ማሽን ማን ሌላ ሰው ፕሮፎርማ ይሰጥበታል? እንደምንም እሱን ስናልፍ የውል ማስከበሪያ በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) አምጡ ተባልን። ብሩን ለምነን ተበድረን ስንመጣ ተረካቢ ኮሚቴው አልተሟላም፤ አንዱ ሥልጠና ሄዷል፣ አንዱ መስክ ወጥቷል። ሰኔ 30 በጀቱ ተዘጋ። ሐምሌ ላይ ስንመለስ ፎቶ የተነሡት ኃላፊ ተዛውረዋል።

አዲሱ ሰውዬ ተቀመጡ እንኳ አላለንም። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ማን አዘዛችሁ?» አለ። ደብዳቤውን ዘረጋሁለት። «ይኼማ ደብዳቤ ነው፤ ውሉን አምጡ።» ሚያዝያ ላይ እኔ ለሸሪኮቼ ያልኩት ራሱ ነገር! ከጀርባው ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል፤ የትኛው አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ይዘረዝራል። ቆሜ አነበብኩት፣ ሌላ የምሠራው ስላልነበረ። የሚገርምሽ ግን ማሽናችን በዓመታዊ ሪፖርታቸው ውስጥ «ለአርሶ አደሩ የተዋወቀ ቴክኖሎጂ» ተብሎ ከነፎቶው ገብቷል። ማሽኖቹ ግን ሼዳችን በር ላይ ዝናብ እየመታቸው ነበር።

2. የሰኔን ነገር አስቢ። ይኼን ማንም አይነግርሽም። መሥሪያ ቤት የሚገዛው በጀት ሊዘጋ ሲል፣ ግንቦትና ሰኔ ነው። ሩዝ የሚታጨደውና የሚወቃው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ያስረከብሽው መውቂያ አምስት ወር መጋዘን ይተኛል። የስድስት ወር ዋስትና ሰጥተሽ ከሆነ ከርክክብ ቀን ስለሚቆጠር ማሽኑ ገና አንድ ነዶ ሳይጎርስ ሊያልቅ ይደርሳል። ዝገቱ፣ አይጥ የበላው ቺንጋ (የማሽን ቀበቶ)፣ የተሰረቀው ብሎን ግን «ጥራት የለውም» ተብሎ ባንቺ ይጻፋል። የእናንተ ደግሞ ከኛም ይብሳል። የፀሐይ ማድረቂያ በሰኔ! ጣና ላይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ምን ዓይነት ፀሐይ እንዳለ ታውቂያለሽ። ኮሚቴው «እስቲ አድርቁና አሳዩን» ቢል በዚያ ደመና ምን ልታሳዪ ነው? ዓሣው ሸትቶ ስማችሁ አብሮ ይሸታል። ወደ ውል ከደረሳችሁ ሁለት ነገር አስገቡ፦ ሙከራው በበጋ እንዲሆን፣ ዋስትናው ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን እንዲቆጠር። ቅድሚያ ክፍያም ጠይቁ። በፌዴራሉ የግዥ መመሪያ እስከ 30 በመቶ ይፈቀዳል፤ ለዚያ ደግሞ ለብሩ መያዣ የሚሆን ዋስትና ያስይዟችኋል። «እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» የሚልሽ አይጠፋም። መመሪያውን አትመሽ ሂጂ።

3. ለሚያከራየው ሰው ሽጡ። ቢሮውን ትቼ አንዱን ማሽን በፒካፕ ጭኜ ወረታን አልፌ ወደ ናበጋ ወረድኩ። እዚያ በሬ እያዞሩ ሲወቁ አፈሩ፣ ጠጠሩ፣ እበቱ ከሩዙ ጋር ይቀላቀላል፤ ሩዙን ገዝቶ የሚፈለፍለው ደግሞ ጠጠር ካየ ዋጋ ይሰብራል። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ መጣ። ሞተሩን ጨርሶ አላየውም። ጎንበስ ብሎ ነዶውን የሚወቃውን ከበሮ ክዳን ብሎኖች በጣቱ አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገና «ይኼን በስንት ቁጥር ቁልፍ ነው የምፈታው?» አለኝ። ሦስት ዓይነት ብሎን ነበረበት፣ መርካቶ የተገኘውን ስለሆነ የገዛነው። «ጭቃ ላይ ቆሜ ሦስት ቁልፍ ልፈልግ?» አለ። እውነቱን ነው። እርጥብ ጭድ ከበሮው ላይ ሲጠመጠም ክዳኑን ከፍቶ ማውጣት ግድ ነው፣ ያም በቀን ብዙ ጊዜ። ዛሬ የኔ ማሽን ላይ ገበሬ የሚነካው ብሎን ሁሉ በ13 ቁልፍ ይፈታል፤ ቁልፉንም በሰንሰለት ክዳኑ ላይ አስሬ ነው የምሸጠው። ኩሽኔታውም ሐሙሲትና ወረታ ሱቅ የማይጠፋ ቁጥር ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚጠብቅ ማሽን ማሽን አይደለም። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ማንም ይኼን አላስተማረንም፣ ያ ሰውዬ በአንድ ጥያቄ አስተማረኝ።

ግማሹን ብር ሰጠኝ፤ ግማሹን ሩዙን ሲሸጥ ጥር ላይ፣ በሁለት የአገር ሽማግሌ ዋስትና። ለራሱ ማሳ ብቻ አልነበረም የፈለገው። ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረ ወቃ፣ ክፍያውን ከተወቃው እህል በኩንታል ተቀበለ። ጥር ላይ ሳልደውልለት ራሱ ደወለ፤ ቀሪውን ከፈለና ሁለት ዘመዶቹን ይዞ ሼድ ድረስ መጣ። በር ላይ የነበሩት ማሽኖች እንዲህ እንዲህ እያሉ አለቁ፣ የላሜራ ነጋዴውም ዕዳውን አገኘ። ዛሬ ከጉማራ ወንዝ ማዶ የኔን ማሽን በድምፁ የሚለይ ሰው አለ። ትንሽ ብኮራ ይቅር በይኝ።

እናንተም ለአንድ ብቸኛ ዓሣ አጥማጅ አትሽጡ፤ እሱ ትኩሱን ቀረሶ ዓሣ ጠዋት ገበያ ላይ ጨርሶ ይገባል። በተለይ በሁዳዴ ትኩሱ ዓሣ እየተፈለገ ማን ቁጭ ብሎ ያደርቃል? ከየጀልባው ሰብስበው፣ አድርቀው ወደ ሩቅ ገበያ የሚልኩ ነጋዴዎች አሉ። እነሱ ዘንድ ሂዱ። ናሙናውን አንድ ወር በነጻ አውሷቸው፣ ከዚያ የሚጠይቋችሁን ብቻ ጻፉ።

4. ዋጋ ስትሰጡ ቀን አድርጉበት። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያለፈ ወር የላሜራ ዋጋ የታሪክ ትምህርት ሆኗል። እኔ ፕሮፎርማዬ ላይ «ይህ ዋጋ ለ15 ቀን ብቻ የጸና ነው» ብዬ በደማቁ እጽፋለሁ። ቫቱን 15 በመቶ ለይታችሁ አሳዩ። «ጠቅላላ» ብለሽ ከጻፍሽ በውስጡ አለ ብለው ይይዙሻል፤ ክርክሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም።

5. ስለ መቅዳት የጠየቅሽው። ይቀዱሻል። እኔን ከሼዱ ማዶ ያለው ልጅ ሜትር ይዞ መጥቶ፣ ያውም እኔው ያቀረብኩለት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከበሮዬን ለክቶ ሄዷል። ፈጠራን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለ። የእናንተ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ «አነስተኛ ፈጠራ» ስለሚሆን የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው የምትጠይቁት፤ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። አውጡት፣ ለብድርም ለጨረታም ፋይል ያሳምራል። ግን ልጁን ያቆመልኝ ሰርተፊኬቱ አልነበረም። የሱ ከበሮ ሚዛኑን ስላልጠበቀ ሲሽከረከር ይዘላል፣ ኩሽኔታ ይበላል። የገዙት ሰዎች ለጥገና እኔ ጋ መጡ፤ ጠገንኩላቸው፣ አስከፈልኳቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ከኔ ገዙ።

ስለ ፕላስቲኩና ስለ ወንፊቱ ያልሽውን ባጭሩ፦ ተራውን ላስቲክ ተዉት፣ ፀሐዩ በአንድ በጋ ያደርቀውና ይሰነጣጥቀዋል፤ የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበትን የግሪንሃውስ ፕላስቲክ ፈልጉ። ጨው የነካው ዓሣ የብረት ወንፊትን ቶሎ ያዝገዋል፣ ዝገቱም ሥጋው ላይ ይታተማል። አይዝጌ ብረት ከተወደደባችሁ የናይሎን መረብ ዘርጉ። መረብ ለጣና ሰው አይጠፋም።

ደብዳቤውን ስሙንና ማኅተሙን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው። የወጪ ደብዳቤ ቁጥር አለው? በግልባጭ ለፋይናንስና ለግዥ ክፍል ተልኳል? እነዚህን ካየሁ በኋላ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱላቸው አብረን እንጽፋለን። እስከዚያ ባንክ ሄዳችሁ ምንም እንዳትፈርሙ።