አሉሚኒየም ምድጃ ውስጥ ሲጠነክር፦ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት ገላን፣ አንድ ወዳጃችን ወርክሾፕ ውስጥ ስለ ክሪፕ ኤጅ ፎርሚንግ ስናወራ አመሸን። ላሜራውን ቅርጽ ባለው ሞልድ ላይ አስሮ ለሰዓታት ማሞቅ ነው። ቅርጹንም ጥንካሬውንም በአንድ ሙቀት ያገኛል። ከተጠየቅኩት የተወሰነውን እነሆ።

እኛ ብረት ሲሞቅ ሲለሰልስ ነው የምናውቀው። ይሄ እንዴት ይጠነክራል?

መጀመሪያ 500 ዲግሪ አካባቢ ይሞቅና ውሃ ውስጥ ይገባል። አሉሚኒየሙ ውስጥ የተቀላቀለው መዳብ፣ ማግኒዚየም ወይም ዚንክ እንደሟሟ ይቀራል። ከዚያ ከ120 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲቆይ፣ የሟሟው ተሰብስቦ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ይሠራል። የሚያጠነክሩት እነሱ ናቸው። አልፍሬድ ቪልም የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1906 ያስተዋለው ቅይጥማ ምድጃም አላስፈለገው፤ ተቀምጦ በቀናት ውስጥ ጠነከረ።

ታዲያ ብዙ ባቆየው ይበልጥ አይጠነክርም?

አይጠነክርም። አንድ ሲኖትራክ ድንጋይ መንገድ ላይ ተበተነ እንበል። ደቆ አሸዋ ከሆነ ባጃጁ ረግጦት ያልፋል። ጭንቅላት የሚያክል ሆኖ ተቀራርቦ ከተበተነ ባጃጁ ይቆማል። ያው ድንጋይ ሦስት አራት ቋጥኝ ቢሆንስ? በመሃል ሹልክ ይላል። ባጃጁ ዲስሎኬሽን ነው፤ ብረት ሲታጠፍ በውስጡ የሚጓዘው የአቶሞች መስመር መዛነፍ። ድንጋዩ ቅንጣቱ ነው። ሰዓቱ ሲረዝም ትልልቁ ቅንጣት የትንንሹን እየወሰደ ያድጋል፣ ክፍተቱ ይሰፋል። ጥንካሬው ጫፍ ደርሶ ይወርዳል።

ቂሊንጦ የምትማር የማስተርስ ተማሪ፦ የስሌት ሞዴሌ ክሪፑን፣ ማለትም ላሜራው ተወጥሮ ሲሞቅ ቀስ እያለ የሚለጠጠውን፣ በደንብ ይሰጠኛል። ጥንካሬው ግን ከላቦራቶሪ ውጤቴ ጋር አልገጥም አለ።

እህቴ፣ ሁለቱን ለየብቻ ያሰላሽ ይመስለኛል። አይለያዩም። ቅንጣቱ ሲያድግ ክሪፑን ያዘገየዋል። ክሪፑ ደግሞ ዲስሎኬሽን ያበዛል፤ ቅንጣቶች እዚያ ላይ ቶሎ ያድጋሉ። ስለዚህ እኩልታዎቹ አብረው ይሂዱ።

ጥንካሬውን ከሦስት ነገር ገንቢው፦ ሟሙቶ ከቀረው፣ ከቅንጣቱ፣ ከዲስሎኬሽኑ። የመጀመሪያው እየቀነሰ እንደሚሄድ አትርሺ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። የቅንጣቱን ራዲየስ ጥንካሬው ጫፍ ሲደርስ ባለው ራዲየስ አካፍዪው። ከ1 በታች ገና ነው፣ 1 ላይ ጫፍ፣ ከ1 በላይ አልፎበታል። ደግሞ እባክሽ ናሙናዎችሽን በጥንድ አስገቢ፤ አንዱ ተወጥሮ፣ አንዱ በነፃ፣ በየተወሰነ ሰዓት እያወጣሽ ለኪ። በጥንዱ መካከል ያለው ልዩነት ውጥረቱ የጨመረውን ያሳይሻል።

የት ነው የሚጠቀሙበት?

የኤርባስ ኤ380 የክንፍ የላይኛው ቆዳ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

በር እና መስኮት የሚሠራ ወንድማችን፦ በአርጎን የበየድኩት ፕሮፋይል ለምን ብየዳው አጠገብ ይታጠፋል?

የብየዳው ሙቀት ቅንጣቶቹን አሳድጓቸዋል ወይም መልሶ አሟሟቷቸዋል። ጥንካሬው ግማሽ ያህል ሊወርድ ይችላል። ሸክም ያለበት ቦታ ላይ አትበይድ፣ በቦልት እሰር።

ላሜራው ምድጃ ውስጥ እያለ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

የግድግዳ ሰዓት አትቁጠሩ። ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ላሜራው ላይ እሰሩ፣ የሙቀቱን ታሪክ በየደቂቃው መዝግቡ። ሞዴሉ በየቅጽበቱ ያለውን የእድገት ፍጥነት ከሙቀቱ ያሰላል፤ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቱ ባለበት ይቆማል ማለት ይቻላል፣ ሲሞቅ ካቆመበት ይቀጥላል።