ጣሪያ ያለው ዲንግ

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ቤት መጣ። ዕቃ ሊያመጣ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ሊሄድ ነው። «ጋሼ፣ ቻይንኛ ጀምሬያለሁ። ፊደሉን ግን ብዘለውስ? ስልኬ በካሜራ ያነብልኛል። የግድ ከሆነ ደግሞ ስንት ፊደል ይበቃኛል?» አለኝ።

ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። እኔ ስገላበጥ አደርኩ። ይህንኑ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት ራሴን ጠይቄው ነበር። «ዝለለው» ብዬም ለራሴ መልሼ ነበር። እንግዲህ ለእሱም፣ እሱን ለመሰላችሁ ልጆችም ይድረስ።

ቻይና የሄድኩት ለማሽን ጥገና ሥልጠና ነው፤ ለስምንት ወር። ሥልጠናው ሲያልቅ እኔ እዚያው ቀረሁ። ጆሮዬ ፈጣን ነበር። ድምፁን በላቲን ፊደል የሚጽፉበት ፒንዪን የሚባል ዘዴ አለ። በእሱ እየጫርኩ፣ ከታክሲ ሾፌርና ከአስተናጋጅ ጋር እየተጨቃጨቅኩ፣ በዓመት ተኩል ቋንቋውን እንደ ውኃ ጠጣሁት። ጓንዡ ውስጥ ሺያኦቤይ በሚባለው፣ አፍሪካዊ ነጋዴ በሚርመሰመስበት ሰፈር አስተርጓሚ ሆንኩ። በሚያዝያና በጥቅምት የካንቶን የንግድ ትርኢት ሲከፈትማ ምሳ መብያ ጊዜም አልነበረኝ።

አብሮኝ የሚኖር አንድ የአገሬ ልጅ ነበር። ማታ ማታ ባለ ካሬ ደብተር ይከፍትና አንዱን ፊደል ሃያ ጊዜ ይጽፋል። የአንደኛ ክፍል ልጆች ደብተር ነው። ፊደሉ እንዳይንጋደድ እያንዳንዱ ካሬ መሀሉ ላይ በነጠብጣብ መስቀል ተከፍሏል። «አስኳላ ገባህ?» እያልኩ እስቅበት ነበር። እሱ ቆሎውን እየቆረጠመ ዝም።

አንድ ቀን መርካቶ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ መጡ። እትዬ ነበር የምላቸው። የወለል ሴራሚክ ፈልገው ነው። ፎሻን ወሰድኳቸው። ከጓንዡ ጎን ያለች ከተማ ናት፤ ግራና ቀኙ ሴራሚክ በሴራሚክ ነው። ስንዞር ዋልን። እትዬ እያንዳንዱን በጥፍራቸው ኳ ኳ እያደረጉ ድምፁን ያዳምጣሉ፣ ጀበና እንደሚገዛ ሰው። ወደ ማታ ከአንዱ ጋር ተስማማን። ሻጩ 18 ሺህ ዩዋን አስቀድማችሁ ክፈሉ አለ።

እትዬ ነጋዴ ናቸው፣ ምን እንደሚጠየቅ ያውቃሉ። «ይሄ ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ? ባንኩ ዶላር ቢከለክለኝ ይመለስልኛል ወይ በለው» አሉኝ።

ሻጩን ጠየቅኩት። «ዲንግ ጂን፣ ዲንግ ጂን» አለ። ቃሉን አውቀዋለሁ። ሆቴል ስይዝ ሰምቼው ነበር፤ ያን ጊዜ ገንዘቤ ተመልሶልኛል። ይመለሳል ወይ የሚለውን ዋናውን ጥያቄ ዋጥኩት። ደክሞኝ ነበር፣ ርቦኝም ነበር። «ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ይመለሳል» አልኳቸው።

ደረሰኙ መጣ። በእጅ የተጻፈ፣ ቀይ ማኅተም የተመታበት። እትዬ አገላብጠው አዩትና ሰጡኝ። «እስቲ አንብበው፤ ምን ይላል?»

ተቀበልኩ። ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ፣ ሁለቴ አመላለስኩ። ከንፈሬንም ትንሽ አንቀሳቀስኩ። ከወረቀቱ ላይ የለየሁት ቀኑንና ገንዘብ የሚለውን ብቻ ነበር። «ያው እሱ ያለውን ነው የሚለው፣ እትዬ» አልኩ።

እትዬ አገር ቤት ገቡ። ሦስት ወር ጠበቁ፣ ባንኩ ዶላሩን አልፈቀደም። ገንዘቡን መልስ ስለው ሻጩ ደረሰኙን አሳየኝ። ኮፒውን ቤት ይዤ ሄድኩ። ያ የምስቅበት ልጅ ሁለት ሴኮንድ አየውና እርሳስ አነሳ።

ለካ ዲንግ ጂን ሁለት ነው። ድምፃቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ፊደሉ ብቻ ነው። አንደኛው ዲንግ አናቱ ላይ ጣሪያ አለው። የጸና፣ የተቆረጠ ማለት ነው። ይህ ዋናው ቀብድ ነው፤ ከፋዩ ከቀረ ገንዘቡ ቀለጠ፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ሁለተኛው ዲንግ በግራው የንግግር ምልክት፣ በቀኙ ምስማር የሚመስል ነገር አለው። እሱ የቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ይመለሳል። «ጣሪያ ያለው ገብቷል፣ አይወጣም። ንግግር ያለው ገና ወሬ ነው» አለኝ ልጁ። የእትዬ ደረሰኝ ጣሪያ ነበረው።

እትዬ አልጮሁብኝም። በስልክ «አንብበው ብዬህ ነበር እኮ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ያን ጊዜም ማንበብ አልችልም ማለት አቃተኝ። «ሻጩ አጭበረበረን» አልኩ። ሰውየው ግን አላጭበረበረም። ዲንግ ጂን አለ፣ ዲንግ ጂን ጻፈ። የአስተርጓሚነቴን 300 ዩዋን ያኔውኑ ተቀብዬ ነበር። አልመለስኩላቸውም።

የበለጠ የሚቆጨኝ ነገሩ ለእኔ እንግዳ አለመሆኑ ነው። የኔታ በልጅነቴ «ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲሆን ወጣ፣ በእሳቱ ሰ ሲሆን ሌባ ነው» ብለው አስተምረውኝ ነበር። በአርጩሜ ጭምር። ዛሬ በአማርኛ ማንም አይጠነቀቅለትም፣ እኔም ብሆን። ግን አንድ ድምፅ ሁለት ፊደል ሊኖረው እንደሚችል ለመስማት ፎሻን ድረስ መሄድ አልነበረብኝም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ቻይናዎቹ ራሳቸው በፈረንጆቹ 1988 ባወጡት ዝርዝር የተለመዱ ያሏቸው ፊደሎች 2500 ናቸው፤ ተከታዮቹ ደግሞ 1000። አትደንግጥ፣ ቁጥሩን ተወው። መንገድህ ላይ የሚገጥምህን ያዝ። መውጫና መግቢያ። በር ላይ ግፋና ሳብ፤ ሁለቱም በግራቸው የእጅ ምልክት አላቸው። መድኃኒት ላይ የሚዋጠውና ቆዳ ላይ የሚቀባው። ግዛና ሽጥ ሁለቱም ማይ ናቸው፣ በቃና፣ ማለትም በድምፁ መውጣትና መውረድ፣ ይለያሉ። ሲጻፉ ልዩነታቸው ሽጥ አናቱ ላይ ትንሽ መስቀል መጨመሩ ነው። ይህችን የማይለይ ነጋዴ ቤቱ ይቀመጥ።

ፊደሎቹ ብትን አይደሉም። ብዙዎቹ አንዱ ጎናቸው ትርጉም፣ ሌላው ጎናቸው ድምፅ ይጠቁማል። ቺንግ የሚባለውን አረንጓዴ ውሰድ። ሦስት የውኃ ጠብታ ስትጨምርበት ጥርት ያለ፣ ፀሐይ ስትጨምርበት ብራ፣ ንግግር ስትጨምርበት እባክህ ይሆናል። ሁሉም ቺንግ። ምግብ ቤት ገብተህ ሦስት ጠብታ ያለበት ካየህ ሾርባ ወይም መጠጥ ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ቀን ሾርባ በሾርባ ላይ እንዳዘዝኩ!

ደረሰኝ ላይ ያለውን የቁጥር አጻጻፍ ለብቻው ተማር። ተራው አንድ አንዲት አግድም መስመር ናት። አንድ ቋሚ ቢጨመርባት አሥር ትሆናለች። ስለዚህ ለገንዘብ፣ ማንም እንዳይቀጥልበት፣ የተወሳሰበ ሌላ አጻጻፍ አላቸው። ስለ ቃናው አልነግርህም፤ መምህርህ ይጮህብሃል።

ስለ ስልኩ። እናንተ ልጆች ፎቶ ያነሳችሁትን ሁሉ ያወቃችሁት ይመስላችኋል። ካሜራው የሻጭን የእጅ ጽሑፍ ሲያይ ይቀባዥራል። ሁለቱንም ዲንግ ጂን «ቀብድ» ብሎ ሊያልፍህም ይችላል። በፒንዪን ስትጽፍ ደግሞ ሁለቱንም ደርድሮ ምረጥ ይልሃል፤ ካላወቅካቸው በምን ትመርጣለህ? አልዋሽህም፣ እኔም ትናንት የሻይ ማሸጊያ በስልኬ ነው ያነበብኩት። የቻይና ወጣቶችም ስልክ ለምደው ብዕር ሲያነሱ ፊደሉ ይጠፋቸዋል። አንተ ግን በእጅህ ጻፍ። ቁጥሩን ተወው ብዬሃለሁ፤ ቢሆንም ከመሄድህ በፊት 300 ፊደል ሳትይዝ እንዳትሳፈር።

ደብተሩን እዚያው ታገኘዋለህ። እኔም ያ ልጅ ደረሰኙን ባነበበልኝ ሳምንት ሄጄ ገዛሁ፤ ባለ ካሬውን፣ ሽፋኑ ላይ ጥንቸል ያለበትን። ሻጯ ፈገግ ብላ «ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው?» አለችኝ።

«አንደኛ» አልኳት።