ለጋጣ፣ ለድንች ማሳና ለዲከረንስ ቆረጣ የሚሆን የሥራ ጫማ

ጥያቄ፦ የምኖረው እንጅባራ አካባቢ ነው። ሁለት የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ፣ ድንች አለማለሁ፣ በበጋ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጬ ለከሰል አዘጋጃለሁ። አምና የቆዳ ሴፍቲ ጫማ ገዝቼ አውራ ጣቴን ላጠኝ፤ ክረምቱ ሳይወጣም ስፌቱ ተበጣጠሰ። ቦቲ ሳደርግ ጭቃው ይዞ ያስቀረዋል፣ እግሬም በላብ ይርሳል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በባዶ እግሬ ወይም በክፍት የላስቲክ ጫማ ነው የምሠራው። የሚመቸኝና የማይጎዳኝ የትኛው ነው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት በባዶ እግር መሥራቱን ይተዉ። እርስዎ ያሉበት ደጋ ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩም በአብዛኛው ቀይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 ሜትር በላይ በሆኑ እንዲህ ባሉ ቦታዎች ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሠራ ሰው ለዝሆኔ ይጋለጣል። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ፈሳሽ የሚሄድባቸውን ቱቦዎች ያውካሉ፤ እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው። ክፍት ጫማ ጭቃውን ስለሚያስገባ ከዚህ አያድንም። ለምቾት ይህን ያህል ቦታ የምሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚላጥ ጫማ በር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ሁለቱም ጫማዎች ያስቸገሩዎት በየራሳቸው ምክንያት ነው። የቆዳው ጫማ ለጋጣ አይሆንም። ከሽንትና ከእበት የሚወጣው አሞኒያ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ክሩን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ እሳት ዳር ከደረቀ ደግሞ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ሶሉም ከማጣበቂያው ይላቀቃል። ጣትዎን የላጠው ከፊት ያለው ብረት ነው። ብዙ ሰው “ሲለመድ ይሰፋል” ብሎ ጠበብ ያለ ይገዛል። የቆዳው ክፍል በእርግጥ ይላላል፤ ብረቱ ግን ቅንጣት አይሰፋም። ሱቅ ውስጥ ጣትዎን የነካ ብረት በሦስተኛው ወርም ይነካዎታል።

ቦቲው ጭቃ ውስጥ የሚቀረው ግን ስለሚሰፋ ነው። ተረከዝዎ ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ፣ ጭቃው ሶሉን ሲስብ እግርዎ ብቻውን ይወጣል። ሰፊ ገዝቶ በሁለት ካልሲ መሙላትም መፍትሔ አይሆንም፤ ካልሲው ይሸበሸብና ያቆስላል።

ስለዚህ ልኩን በደንብ እንያዝ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበት ስለሚያብጥ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው። ለሥራ የሚያደርጉትን ካልሲ ያድርጉ፣ ወረቀት ላይ ሙሉ ክብደትዎን ጥለው ይቁሙ፣ ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ያስምርልዎ። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን በሴንቲሜትር ይለኩ፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም። ሁለቱንም እግር ይለኩና ትልቁን ይያዙ። ባገኙት ላይ 1.5 ይደምሩ፣ ድምሩን በ1.5 ያባዙት። እግርዎ 26 ሴንቲሜትር ከሆነ 27.5 በ1.5 ሲባዛ 41.25 ይመጣል፤ በስስ ካልሲ 41፣ በወፍራም ካልሲ 42 ይሞክሩ። የፋብሪካዎች ቁጥር ስለሚለያይ ይህ መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ እግርዎን ጣትዎ ጫፉን እስኪነካ ወደ ፊት ይግፉ። በዚያን ጊዜ ከተረከዝዎ ኋላ አንድ የእጅ ጣት ልክ መግባት አለበት። ሁለት ጣት ከገባ ሰፍቷል። ጣት ካልገባ ቁልቁለት ሲወርዱ ጥፍርዎ ይጠቁራል። ቀጥሎ ተረከዝዎን ወደ ኋላ መልሰው ይራመዱ፤ የቆዳ ጫማ ከሆነ ክሩን ያጥብቁ። ቦቲ ላይ ተረከዝ ትንሽ ብድግ ማለቱ ያለ ነው፤ በየእርምጃው ጠፍ ጠፍ ካለ ግን ይተዉት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበብ ብሎ የተሠራ ቦቲ፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ቧንቧ እኩል ከሆነው ይልቅ ጭቃ ውስጥ እግርን ይዞ ይቆያል።

ከዚያ ላም እንደሚያልቡ ሆነው ቁጢጥ ይበሉ። የቦቲው አፍ የጉልበትዎን ኋላ ከነከሰዎ ረዝሟል፤ ከጉልበት መታጠፊያው በታች አራት ጣት ያህል ቢቀረው ጥሩ ነው። ባትዎና ቦቲው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ይህ ካልሆነ ረጥቦ አይወልቅም።

ጫማው ራሱ ሲታጠፍ የት ላይ እንደሚታጠፍ ይዩ። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚጀምሩበት ቦታ ነው። መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ውስጠ እግርዎን ያደክማል፣ ዶማና አካፋ በእግር ሲረግጡም ያምማል። ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣ የፒቪሲ (የፕላስቲክ ዓይነት) ቦቲ በብርድ ጠንክሮ እዚያው መስመር ላይ ይሰነጠቃል። እጅዎን አስገብተው የውስጥ ስፌቱንና የገበሩን መጋጠሚያ ይዳስሱ፤ ጣትዎን የቆረቆረ ነገር ቆዳዎን ይልጣል። የሶሉ ጥርሶች ጥልቀት ያላቸውና የተራራቁ ይሁኑ። ጥርሱ ከተቀራረበ ጭቃው በመካከሉ ተጠቅጥቆ ሶሉን ልሙጥ ያደርገዋል፣ ጫማውም ይከብዳል።

ከተለመደው ጎማ ይልቅ ቅባትና እበት የሚቋቋም ተብሎ የተሠራ ፒቪሲ ወይም ናይትሪል የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተቀላቀለበት ለጋጣ ይሻላል፤ የወተት ቅባት ተራውን ጎማ ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። ፖሊዩሪቴን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ቁስ የተሠራ ቦቲ ቀላልና ሞቃት ነው፤ ሆኖም መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የቆየ ከሆነ ሶሉ እርጥበት ስቦ ሊፈረፈር ስለሚችል የተመረተበትን ጊዜ ይጠይቁ።

ምልክቱን ማንበብም ይጠቅማል። ኢሶ 20345 (ISO 20345፣ የሴፍቲ ጫማ ዓለም አቀፍ ደረጃ) የሚል ከሆነ፣ ጫፉ የ200 ጁል (የምት ጉልበት መለኪያ) ምት እንዲቋቋም ተሠርቷል ማለት ነው። ኤስ4 (S4) ሙሉ በሙሉ ውኃ የማያስገባ ቦቲ ነው። ኤስ5 (S5) በዚያ ላይ የሚወጋ ነገር የማያሳልፍ ሶል አለው። ኤስ3 (S3) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳ ሆኖ ወጊ የሚከላከል ሶል ያለው ነው። ለእርስዎ ይህ ልዩነት ትርጉም አለው፤ በሰያፍ የተቆረጠ የዲከረንስ ጉቶ ተራ ቦቲን ከሥር ይበሳዋል። የቆሰለ እግር ደግሞ እበትና አፈር ከነካው የቴታነስ ስጋት አለው፤ ከተወጉ ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ገንዘብዎ ለአንድ ጫማ ብቻ ከበቃ ኤስ5 ቦቲ ይግዙ። ጋጣውን፣ ክረምቱንና ድንቹን ይሸፍናል፣ ላም ብትረግጥዎም ጣትዎን ይከላከላል። ብረት ያለውን ካጡ ልክ የሆነው ተራ ቦቲ፣ ልክ ካልሆነው ሴፍቲ ይሻላል። የቆዳውን ኤስ3 ለበጋው ቆረጣ በኋላ ይጨምሩ። በደረቅ ቀን ይተነፍሳል፣ ክሩ ሲጠብቅም ተዳፋት ላይ ቁርጭምጭሚትን ይይዛል። እርሱን ወደ ጋጣ አያስገቡት።

ድንች ላይ መድኃኒት ሲረጩ ቆዳ ፈጽሞ አይሆንም፤ የጠጣውን መድኃኒት ታጥቦ አይለቅም። የጨርቅ ገበር የሌለው ቦቲ ያድርጉ። ሱሪዎን ከቦቲው ውጭ ያውርዱት፤ ወደ ውስጥ ከከተቱት በሱሪው የሚወርደው ፈሳሽ ሁሉ እግርዎ ላይ ይጠራቀማል። ሲጨርሱ ጓንትዎን ሳያወልቁ ቦቲውን በሳሙና ይጠቡ፣ ከዚያ ይውለቅ። ሳይታጠብ ላም ወደሚያልቡበት አይግባ።

ሶሉ ላይ የሚቀረው ጭቃ የድንች አጠውልግ በሽታንም ከማሳ ማሳ ይዞ ይሄዳል። ከታመመ ማሳ ሲወጡ ጭቃውን በእንጨት ፍቀው በውኃ ይጠቡት፤ ከዚያ በ9 እጅ ውኃ 1 እጅ በረኪና (5 በመቶ የሆነውን) በጥብጠው 10 ደቂቃ ይንከሩት። ጭቃ ወይም እበት ካለበት በረኪናው ኃይሉን ያጣል፤ መፋቁ የሚቀድመው ለዚህ ነው። የአፍና የእግር በሽታ ወሬ ሲሰማም ጋጣ በር ላይ ይህንኑ ያድርጉ፣ ውኃውንም በየቀኑ ይቀይሩ።

የእግርዎ መርጠብ ከቦቲ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ይቀንሳል እንጂ። ጥጥ ካልሲ ላቡን ይዞ ይቀመጣል፤ የሱፍ ካልሲ ረጥቦም ያሞቃል። ሁለት ካልሲና ሁለት የውስጥ ንጣፍ ይኑርዎት፤ እኩለ ቀን ላይ ደረቁን ይቀይሩ። ማታ ንጣፉን አውጥተው ቦቲውን ሁለት ችካል ላይ ገልብጠው ጥላ ውስጥ ይስቀሉት። ቸኩለው ከሆነ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቀይሩት። እሳትም ብርቱ ፀሐይም ያጣምሙታል። እግርዎን ታጥበው በጣቶች መካከል በደንብ ያድርቁ፣ ተረከዝዎ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀቡ።

ጭቃው ቢይዝዎ ቀጥታ ወደ ላይ አይጎትቱ። መጀመሪያ ተረከዝዎን አንሥተው አየር ያስገቡ፣ ጫፉን ግራና ቀኝ ያዙሩት፣ ከዚያ ይውጡ።

ላሞቹን የሚያልቡት ባለቤትዎ ከሆኑ የእርስዎን ቦቲ አያውሷቸው። የእሳቸውን እግር ለብቻ ለክተው ይግዙላቸው፤ በሴት ልክ የተሠራው ተረከዙ ጠበብ ስለሚል፣ በትንሽ ቁጥር ከሚሸጠው የወንድ ቦቲ ይልቅ ይይዝላቸዋል።