«በጉርድ አልሄድም» ያለችው የስምንተኛ ክፍል ልጅ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የ14 ዓመት ልጃችን እዚያው አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ትማራለች። ዩኒፎርሙ ለወንድ ሱሪ፣ ለሴት ጉርድ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ከጉርዱ ሥር ሱሪ ለብሳ መሄድ ጀመረች፤ ሁለቴ ከበር መለሷት። አሁን ጠዋት ጠዋት ‹ሆዴን አመመኝ› እያለች ትቀራለች። አባቷ ‹ፈርመን ነው ያስገባናት፤ ደንቡን ታክብር፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት› ብሎ ይቆጣል። ሳዝንላት ደግሞ ‹አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሻት› ይለኛል። እሱና ልጁ ከተኮራረፉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ጎረቤት ‹ወንድ ወንድ ይላታል› እያለ ሲያወራ እኔም ፈራሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደንቡን፣ የባለቤትዎን ቁጣና የጎረቤቱን ወሬ ነግረውናል። ልጅዎ ጉርዱን ለምን እንደጠላችው ግን ደብዳቤዎ ላይ አንድም ቃል የለም። ወይ አልተጠየቀችም፣ ወይ ተጠይቃ መልሷ በጩኸቱ መሀል ጠፍቷል። መፍትሔው እንደ ምክንያቱ ስለሚለያይ መጀመሪያ የሚያስፈልገን የእሷ ቃል ነው።

የጎረቤቱን ወሬ ወደ ጎን ይተዉት። አንዲት ልጅ ሱሪ መልበስ መፈለጓ የሚነግረን ሱሪ መፈለጓን ብቻ ነው። «ወንድ መሆን አምሮሽ ነው ወይ?» ብለው በፍጹም እንዳይጠይቋት። የሰፈሩን ሐሜት ከእናቷ አፍ ከሰማች ዋናውን ምክንያት በሆዷ ይዛ ትቀራለች።

በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጃገረዶች ጉርድ የሚሸሹባቸው ደጋግመው የሚነሱ ምክንያቶች አሉ። አንዱ ደረጃ ነው። በከተማዋ ዳር ዳር ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ የተሠራ ፎቅ ተከራይተው ስለሚያስተምሩ ደረጃው ጠባብና ክፍት ነው፤ ከታች የቆመ ሽቅብ ያያል፣ ስልክም ይዞ ሊሆን ይችላል። ልጅቷ በአንድ እጇ ጉርዷን ከጭኗ ጋር አጣብቃ፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች። ወይም ደረጃው ጭር እስኪል ከታች ትጠብቅና ክፍል ዘግይታ ትገባለች፤ ከዚያም ስለማርፈዷ ትቀጣለች። ሌላው የወር አበባ ነው። ጉርዴ ይነካብኛል ብላ የምትሰጋ ልጅ ተጠርታ ወደ ሰሌዳ መውጣት ትጠላለች። የምትቀርባቸው ቀናት በወር አንዴ ተከታትለው የሚመጡ ከሆነ ይህንን ያስቡ። በቂ ሞዴስ እንዳላት (በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር ስላለበት ለትምህርት ቀን ቢያንስ ሁለት ቦርሳዋ ውስጥ ያስፈልጋታል)፣ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ውሃና የሚቆለፍ በር እንዳለውም ያጣሩ። የጠዋቱ ነፋስ፣ ጭቃው፣ ሰው በተጨናነቀበት ባጃጅ ጉልበት ገጥሞ መቀመጥም ቀላል አይደለም። ከሁሉም የሚከብደው ግን የነካት ወይም የቀረጻት ሰው ካለ ነው። ያን ጊዜ ጉዳዩ ከዩኒፎርም ያልፋል፤ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ፣ ለፖሊስም መነገር አለበት።

እንዴት ይጠይቋት? ፊት ለፊት አስቀምጠው አይሁን። ሽንኩርት እየከተፋችሁ ወይም ልብስ እያጣጠፋችሁ፣ አባቷ በሌለበት፣ ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ያውሯት። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ጥፋት ፍለጋ ስለሚመስል «ከግቢው በር እስከ ክፍልሽ ስትሄጂ የቱ ጋ ነው የሚከብድሽ?» ይበሏት። መልሱ በመጀመሪያው ቀን ካልመጣ አይጫኗት፤ ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይሞክሩ። ስትነግርዎትም ምክር አያስከትሉ። «ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ» ብለው ያቁሙ።

ወደ ሆድ ሕመሙ እንምጣ። ልጅዎ እየዋሸች ነው ብለው እንዳያስቡ። ሰውነት ሲሰጋ ወደ ሆድ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ አንጀትም ይኮማተራል፤ ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነው። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስደው የሰገራና የሽንት ምርመራ ያሠሩላት። መጸዳጃ ቤቱን ጠልተው ቀኑን ሙሉ ሽንት የሚይዙ ልጃገረዶች በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መታመማቸው የተለመደ ነው። ምርመራው ነጻ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ሕመሙ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የሚለቅ፣ ቅዳሜና እሁድም ድርሽ የማይል ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጭንቀት ነው።

እዚህ ላይ አዝነው ሊሳሳቱ ይችላሉ። በቀረች ቁጥር ወዲያው እፎይ ስለምትል ሰውነቷ «መቅረት ያድናል» የሚለውን ይለምዳል፤ የሚቀጥለው ጠዋት ከዛሬው ይብሳል። ስለዚህ የዩኒፎርሙ ጉዳይ እስኪያልቅ ቤት አትቆይ። ከክፍል ኃላፊዋ መምህር ጋር ተስማምተው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ ቀጥሎ እስከ ምሳ፣ ከዚያ ሙሉ ቀን ትማር። ይህ ከሁለት ሳምንት መብለጥ የለበትም። የግድ በቀረችበት ቀን ስልክና ቴሌቪዥን አይኑር፤ ትተኛ ወይም ታጥና።

ባለቤትዎ ፈተናውንና መባረርን ነው የሚፈሩት፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ልጅቷ በሌለችበት ሁለት ነገር ይለምኗቸው፦ ከትምህርት ቤቱ ጋር እስክትነጋገሩ ጠዋት ስለ ልብስ አንድም ቃል እንዳይወጣቸው፣ ኩርፊያውንም ልብስን በማይነካ ወሬ ቀድመው እንዲሰብሩት። የ14 ዓመት ልጅ ቀድማ ትታረቅ ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይደለም፤ ይህ የአባት ድርሻ ነው። ተቃውሟቸው የእምነት ከሆነና ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ የሚለውን ዘዳግም 22፥5ን ከጠቀሱ አይከራከሯቸው። ልጅዎ የምትፈልገው መሸፈንና እንደልብ መንቀሳቀስ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊ ጉርድ ከሥሩ ታይት ታክሎበት ሁሉንም ያስማማ ይሆናል። ከባለቤትዎ ተደብቀው ግን ሱሪ አያሰፉላት፤ ሲታወቅ መዘዙ የሚደርሰው በእሷ ላይ ነው።

ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ አለ። የፈረማችሁበትን ደንብ አውጥታችሁ ቃል በቃል አንብቡት። ደንቡ «ሴት ጉርድ ትለብሳለች» ብሎ ካቆመ ከሥር ሱሪ ወይም ታይት መልበስን አልከለከለም፤ ከበር የሚመልሳት የጥበቃው ወይም የዩኒት ሊደሩ ትርጓሜ ነው ማለት ነው። ከጥበቃው ጋር በር ላይ መጨቃጨቅ አይጠቅምም። ጥበቃው የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ ልጅቷም በጓደኞቿ ፊት ታፍራለች። ለርዕሰ መምህሩ የአንድ ገጽ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ በአንዱ ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጉ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦

«1ኛ፦ ልጃችን በልብስ ምክንያት ከበር እንዳትመለስና ከትምህርት እንዳትጓደል፤ ጉድለት ካለ ለወላጅ በጽሑፍ ይነገረን። 2ኛ፦ ወንዶቹ በሚለብሱት ጨርቅና ቀለም የተሰፋ ሱሪ፣ ወይም ከጉርዱ ሥር ታይት እንድትለብስ ይፈቀድልን።»

በዚያው ጨርቅና ቀለም ማለታችሁ ብዙ ይረዳል፤ የአስተዳደሩ ስጋት አለባበሱ እንዳይዥጎረጎር ነውና። ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ ከተገኘ ለእሷ ቁመት ከ1 ሜትር ከሩብ እስከ 1 ሜትር ተኩል ይበቃል። ምክንያቱ ሕመም ሳይሆን የሐኪም ወረቀት አታቅርቡ፤ ከታወቀ ሌላውንም ቃላችሁን የሚያምን አይኖርም።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በፆታ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ አንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት እርምጃ የልጁ ደኅንነት ይቅደም ይላል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 12 ልጅ በሚነካው ጉዳይ እንዲደመጥ፣ በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጅን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና «ሴቶች ሱሪ አይለብሱም» ይል በነበረ አንድ ትምህርት ቤት ላይ ተማሪዎችና ወላጆች ከስሰው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡ እኩልነትን ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። የዚያ አገር ፍርድ እዚህ አያስገድድም። እኔ ያነሣሁት ልጆቹ ለፍርድ ቤት ባቀረቡት አቤቱታ ምክንያት ነው፦ በእረፍት ሰዓት እንደ ወንዶቹ መጫወት አልቻልንም፣ ይበርደናል፣ ስንቀመጥም ሐሳባችን እግራችን ላይ ነው ብለው ነበር። እግሯን ስትጠብቅ የዋለች ልጅ ሒሳቡን በሙሉ ልቧ አትከታተልም፤ ባለቤትዎ ስለ ፈተናው ሲጨነቁ ይህንን ይንገሯቸው።

ውይይቱ ላይ ልጅዎ ትገኝ፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ቀድማ ትለማመድና ራሷ ትናገር። ስለ ወር አበባ በወንድ መምህር ፊት እንድትናገር ግን አትገደድ፤ ያንን እርስዎ ለሴት መምህርት ይንገሩላት። አንቀጽ መጥቀስም በመጀመሪያው ቀን አያስፈልግም፤ ርዕሰ መምህሩ እንደ ዛቻ ያዩትና በር ይዘጋሉ። በሁለት ሳምንት መልስ ካላገኛችሁ ጉዳዩን ወደ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውሰዱት። እዚያም ካልተፈታ በከተማዋ የግል ትምህርት ቤቶችን ለሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ከማመልከቻው ቅጂ ጋር አቤት በሉ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ማውጣት ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው፤ ነገ ክፍል ገብታ ከመሳለቂያዎቹ ጋር የምትቀመጠው እሷ ናት።

ሁሉም እምቢ ካሉ ስምንተኛ ክፍልን መሀል ላይ አታቋርጡባት። እስከ ሰኔ በረጅሙ ጉርድ ትጨርስ፤ ለ9ኛ ክፍል ትምህርት ቤት ስትመርጡ ከክፍያው ጋር ስለ ዩኒፎርሙም አብራችሁ ጠይቁ። በዚህ መሀል እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከተወች ወይም «መኖር ሰለቸኝ» ካለች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይውሰዷት።