ጃፓን ውስጥ ምግብ ቤት ስትጋበዢ

እህቴ፣ በጃይካ (በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት) ሥልጠና ወደ ጃፓን እንደምትሄጂና አስተናጋጆቻችሁ ራት እንደሚጋብዟችሁ ገልጸሽ «ገበታ ላይ ነውር እንዳልሠራ ምን ልወቅ? ጾመኛም ነኝ» ብለሻል። ኦሳካ ተምሬ እዚያው ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ዋናው የቾፕስቲክ፣ ማለትም እንደ ሹካ የሚበላባቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ነገር ነው። አያያዙን ባትችዪበት ማንም አይታዘብሽም፤ ሹካ ብትጠይቂም ብዙ ቦታ ያመጡልሻል። ሁለት ነገር ግን ፈጽሞ አታድርጊ። አንደኛ፣ ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገሽ አትሰኪ፤ እንዲያ ተሰክቶ የሚቀርበው ለሟች የሚቀመጥ ሩዝ ነው። ሁለተኛ፣ ምግብ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ አታቀብዪ። በጃፓን አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተ ዘመድ የሟቹን አጥንት ከአመዱ እየለቀመ በቾፕስቲክ ይቀባበላል። ገበታ ላይ ያንን ማየት ልባቸውን ይረብሸዋል።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ እኛ ሰው ስንወድ እጃችን ለጉርሻ ስለሚዘረጋ ነው። አንድ የአገራችን ልጅ ጨዋታው ሲደምቅ ጥሩውን ሥጋ መርጦ አጠገቡ ለተቀመጡት አዛውንት በቾፕስቲክ ሲዘረጋላቸው አይቻለሁ። እርሳቸውም እንዳያሳፍሩት ብለው የራሳቸውን ቾፕስቲክ አነሡ፤ ወዲያው ግን እጃቸው ባለበት ቀረ። ጥቂት አሰቡና ትንሿን ሳህናቸውን አንሥተው ተቀበሉት። አንቺም ማካፈል ስትፈልጊ በሳህን ይሁን። ፍቅርና አክብሮት የሚገለጽበት ሌላ መንገድ ደግሞ አለ፤ መጠጥ መቅዳት። አብሮ ሲጠጣ ለራስ መቅዳት ብዙም አልተለመደም። የጎረቤትሽ ብርጭቆ ሲጎድል አንቺ ቅጂላቸው፣ እነርሱም ይቀዱልሻል። አልኮል ባትጠጪ በሻይም ይሆናል፤ ብቻ «ካምፓይ» (እንደ «ለጤናችን» ያለ ነው) እስኪባል አትቅመሺ።

የግራ እጅ ነገርም ግራ ሊያጋባሽ ይችላል። የሩዙን ጎድጓዳ ሳህን በግራ እጅ አንሥቶ ወደ አፍ ማቅረብ እዚያ ወጉ ነው፤ የሚያስነቅፈው ግራ እጅን ጠረጴዛ ሥር አድርጎ ወደ ሳህኑ ማጎንበስ ነው። ኑድል ድምፅ እያሰሙ መሳብ አያሳፍርም፤ ገበታ ላይ መናፈጥ ግን ያሳፍራል። መጀመሪያ የሚሰጡሽ እርጥብ ፎጣ ለእጅ ነው፣ ፊትሽን አትጥረጊበት።

ወደ ጾሙ ስመጣ፣ «አትክልት ብቻ ነው» ሲሉሽ ቶሎ አትመኚ። ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራው የሚሶ ሾርባ፣ ኡዶን የሚባለው ወፍራም ኑድል መረቅ፣ የተቀቀለው አትክልት ሳይቀር አብዛኛውን ጊዜ ዳሺ በሚባል መረቅ ይሠራል፤ ዳሺ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ ነው። የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ የሚዋሽሽ እንዳይመስልሽ፤ በዓይን የሚታይ ዓሣ ስለሌለበት ነው። ዓሣ የማትበዪ ከሆነ ጋባዦችሽን ከቀናት በፊት አሳውቂ። ምግቡ አስቀድሞ ይታዘዝ ይሆናል፤ ገበታ ላይ «አልበላም» ማለት ጋባዡን ክፉኛ ያሸማቅቃል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና ዳሺ እንደማትበዪ በጃፓንኛ አስጽፈሽ ወረቀቱን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። መጠጥ ቤት ከገባችሁ ኤዳማሜ እዘዢ፤ በጨው የተቀቀለ የአኩሪ አተር እሸት ነው፣ የእኛን እሸት ያስታውስሻል። ዕድሉ ከገጠመሽ ደግሞ ከኦሳካ በስተደቡብ ኮያሳን የሚባል ተራራ ላይ የቡድሃ ገዳማት ለእንግዳ የሚያቀርቡት ሾጂን ርዮሪ አለ፤ ያለ ሥጋና ያለ ዓሣ የሚሠራ የመነኮሳት ምግብ ነው። እንደዚያ ያለ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ምግብ) ሌላ ቦታ አልበላሁም።

ጉርሻ ብለሽ ለአስተናጋጅ ገንዘብ አትተዪ፤ ረስተሽው የሄድሽ መስሏቸው መንገድ ድረስ ተከትለው ይመልሱልሻል። ራስሽ ስትከፍዪ ብሩን በእጃቸው ከመስጠት ይልቅ ሒሳብ መቀበያው ዘንድ ባለችው ትንሽ ትሪ ላይ አኑሪው። ስትጋበዢ ግን ለመክፈል አትታገዪ። ስትወጡ «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» (ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ) በዪ፤ በማግስቱ ጠዋት ጋባዦችሽን ቢሮ ስታገኚም ስለ ትናንቱ ራት ደግመሽ አመስግኚ፤ እነርሱም ይህን ይጠብቃሉ።