ክራዮ ከተደረገልሽ በኋላ ስለሚጠብቅሽ ነገር፦ ለጠየቅሽው እህቴ

ውድ እህቴ፣ የ34 ዓመት ሴት መሆንሽን፣ በጤና ጣቢያ የማህፀን በር ጫፍ ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርገሽ «ፖዘቲቭ» እንደተባልሽ፣ በዚያው ቀን ክራዮ የተባለው የቅዝቃዜ ሕክምና እንደተደረገልሽ፣ አሁን ውሃ የመሰለ ፈሳሽ እየወረደሽ እንደሆነና ባለቤትሽም «ይህ ነገር ከየት መጣ?» እያለ እንዳስጨነቀሽ ጽፈሻል። እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ስለሆንኩ የሚጠቅምሽን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ግን አልዘረዝርም፤ ራስሽ አይተሽዋል።

1. ፈሳሹ የሚጠበቅ ነው። ክራዮ ለውጥ የታየበትን ቦታ በከፍተኛ ቅዝቃዜ የሚገድል ሕክምና በመሆኑ የሞተው ክፍል እስኪወገድና ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ይህም አራት ሳምንት፣ በአንዳንድ ሴቶች ላይ እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ጥቂት ደም ጣል ቢያደርግብሽም አትደንግጪ። ሞዴስ በበቂ ሁኔታ ገዝተሽ አስቀምጪ፤ ውስጥሽን በሳሙናም ሆነ ጎረቤት በሚያዝልሽ ቅጠል አትታጠቢ። ለአራት ሳምንት ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል፤ ይህ የማይቻል ከሆነ ያለ ኮንዶም አይሁን። ነገር ግን ትኩሳት ከመጣብሽ፣ ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ፈሳሹ መጥፎ ሽታ ካመጣ ወይም መግል ከቀላቀለ፣ ደሙም ከወር አበባ የበዛ ወይም የረጋ ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ተመለሺ። «ይህ ሕክምናው ያመጣው ነው፣ ታገሺ» የሚልሽ ዘመድ ቢኖር አትስሚው።

2. «ፖዘቲቭ» መባልሽ ካንሰር አለብሽ ማለት አይደለም። የተቀባሽ አቼቶ የመሰለ ፈሳሽ አሴቲክ አሲድ ይባላል፤ ያልተለመደ ለውጥ ያለበት ቦታ ሲነካው ነጣ ብሎ ይታያል። ካንሰር ቢጠረጠር ኖሮ ክራዮ ባልተደረገልሽ፣ ሪፈር ተጽፎልሽ ወደ ሆስፒታል በተላክሽ ነበር። ለውጡ ከበሩ ጫፍ ሦስት አራተኛ በላይ የሸፈነ ወይም ወደ ውስጠኛው ቦይ የገባ ቢሆንም ክራዮ ስለማይበቃው ሊፕ (ለውጥ ያለበትን ክፍል በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ቀጭን ሽቦ ቆርጦ የማውጣት ሕክምና) ወደሚሠራበት ቦታ ትላኪ ነበር። አንቺ በዚያው ቀን ታክመሽ ወደ ቤትሽ መመለስሽ ራሱ ብዙ ይናገራል።

የባለቤትሽን ጥያቄ በተመለከተ፣ የእኔም ባለቤት ይህንኑ ጠይቆኝ ነበርና መልሱን በሚገባ አውቀዋለሁ። ለውጡን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ (በአጭሩ ኤችፒቪ) የተባለ፣ በግንኙነት የሚተላለፍና እጅግ የተለመደ ቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያስወግደዋል፤ ካልተወገደ ግን ምንም ሳይሰማሽ ለዓመታት ይቆያል። በሽታ የመከላከል አቅሟ ደህና በሆነ ሴት ላይ ወደ ካንሰር ለመድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ የዛሬው ውጤት ማን ለማን፣ መቼ እንዳስተላለፈ ሊናገር አይችልም፤ በትዳር ውስጥ ስለተፈጠረ ነገር ምስክር አድርጎ ማቅረቡም ከንቱ ነው። እኔ ባለቤቴን ይዤው ሄጄ ሲስተሯ ፊት አስቀመጥኩት፤ ከእኔ አፍ ለሳምንታት ያልተቀበለውን ከእርሷ ወዲያው ተቀበለ። (ወንዶች ነጭ ጋዋን ሲያዩ ማመን ይቀላቸዋል።) አንቺም ብትችዪ ይህንኑ አድርጊ።

3. ከሁሉም የምጠነቀቅልሽ ወረቀቱን ነው። ከጤና ጣቢያው ስትወጪ በእጅሽ ምን ያዝሽ? ለእኔ የተሰጠኝ በትንሽ ካርቶን ላይ የተጻፈ የቀጠሮ ቀንና የካርድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ሌላውን ብጠይቅ «ካርድሽ ላይ ሰፍሯል» ተባልኩ። የዓመቱ ቀጠሮ ሲደርስ ገና በሩ ሳይከፈት ተሰልፌ ነበር። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ወደ መደርደሪያው ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ «ካርድሽ የለም፤ አዲስ አውጪ» አለኝ። ቁጥሩን ባሳየው «ታዲያ እኔ ልፍጠረው?» ብሎ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ ቀጣዩን ሰው ጠራ፤ ከኋላዬ የተሰለፉትም ወረፋ አስረዘምሽ ብለው የተቆጡት እኔኑ ነበር። ያከመችኝ ሲስተር ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች።

አዲስ ካርድ ማውጣት የሳንቲም ጉዳይ ይመስላል፤ በዚህ ሕክምና ግን አይደለም። ክራዮ የተደረገለት የማህፀን በር ከዳነ በኋላ መልኩ ይለወጣል፤ ባለሙያዋ አትኩራ የምታየው፣ ሁለቱ የሕዋስ ዓይነቶች የሚገናኙበት መስመርም ወደ ውስጥ ሊሸሽ ይችላል። አዲሷ ባለሙያ መስመሩ በሙሉ እንደማይታያት ገልጻ ከዚህ በፊት ምን እንደተደረገልኝ ጠየቀችኝ። ክራዮ ማለቱን አላጣሁትም፤ ለውጡ የት የት እንደነበረና ምን ያህል ቦታ እንደሸፈነ ግን ከየት አምጥቼ ልንገራት? እርሷ ለጥንቃቄ ሪፈር ጻፈችልኝ፤ በዚህ አልወቅሳትም። ሆስፒታል ናሙና ተወስዶ፣ ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ ተደርጎ ለእኔው ተሰጠኝና ወደ አንድ የግል ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ራሴ ተሸክሜው ሄድኩ፤ ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩትም ገንዘብ እዚያው ቀረ። ውጤቱ ካንሰርም ሆነ ቅድመ ካንሰር አለመኖሩን የሚገልጽ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆኖም ውጤቱ እስኪደርስ ያሳለፍኩትን ሌሊት ማንም አይመልስልኝም። ካርዴ የተገኘው ሜዲካል ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ አልወጣም ካልኩ በኋላ ሲሆን፣ የነበረውም በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከተከመሩት ካርዶች መካከል ነው። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የራሴን ፋይል ይዤ ስለምሄድ ሲስተሮቹ «ባለ ፋይሏ» ይሉኛል፤ ስሙን ወድጄዋለሁ።

ስለዚህ ቁስልሽ እስኪሽር አትጠብቂ፤ ያከመችሽ ባለሙያ ሳትዛወር በዚህ ሳምንት ሄደሽ የሚከተለውን አጽፊ፦ ምርመራው በአሴቲክ አሲድ ወይም በኤችፒቪ ናሙና መደረጉን፣ ለውጡ የታየበትን ቦታና ስፋቱን (ትንሽ ሥዕል ብትሥልበት ይመረጣል)፣ የሕክምናውን ዓይነትና ቀን፣ ማህተምና ፊርማ። ጊዜ የለንም ካሉሽ የካርዱን ገጽ በስልክሽ ለማንሳት ፈቃድ ጠይቂ።

የዓመቱ ቀጠሮ የሚሰጠው ለውጡ ተመልሶ እንደሆነ ለማየት ነው። ተመልሶ ከተገኘ እንደገና ይታከማል፤ ካልተገኘ ወደ መደበኛው ምርመራ ትመለሻለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው መደበኛ ምርመራ በየሦስት ዓመቱ፣ የኤችፒቪው ደግሞ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ይደገማል፤ ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ ላለ ሴት ግን የኤችፒቪው ቀጠሮ ከዚህ ይቀርባልና ይህንን ለባለሙያዋ ከመንገር አትቆጠቢ። በቀጠሮሽ ቀን «ካርድሽ የለም» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ከመስኮቱ ጋር አትከራከሪ፤ ወረቀትሽን ይዘሽ በቀጥታ ወደ ምርመራ ክፍሉ ሂጂና ለባለሙያዋ አሳዪ፣ ካርዱ እንዲፈለግ እርሷ ታድርግ።